የማራኪ እግሮች የሄዱበት

ሐሜት እንደምወድ ሰፈሩ ያውቃል። ይሄ ግን ከሰው የሰማሁት አይደለም። የልጅ ልጄን እጅ ይዤ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሆሳዕና ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ግድግዳውን እየጠበሰች...

የልጅ ልጄ ማራኪ ጃጁራ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ከፋሲካ ወዲህ ከወገቧ በታች የለችም። ብትቆነጥጧት አታውቅም።

ሐኪሞቹ "ህብለ ሰረሰሯ ተቆጥቷል" አሉን።

"ማን አስቆጣው?" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። እኔ የምሬን ነበር።

መድኃኒቱ ቁጣውን አበረደው፤ እግሯ ግን አልተመለሰም። ተጸለየላት። አልተመለሰም። መጨረሻ ላይ ፍፁም ጋ ወሰድናት፣ መርፌ ሰክቶ በመርፌው ኤሌክትሪክ የሚለቅ ሐኪም ነው።

"ዛሬም ካልተሰማት ይብቃን" ብሎናል።

በሆዷ አስተኛት። ጀርባዋና እግሯ ላይ ሰካካ። ሽቦውን አያያዘና ማሽኑን ከፈተ።

የእግሯ ጣት ዘለል አለ...

"ማሽኑ ነው እማማ፣ ገና እልል እንዳይሉ" አለኝ።

ያኔ ማራኪ በሹክሹክታ...

"እማማ... ይቀዘቅዛል።"

"ምኑ?"

"እግሬ። ጭቃ ረግጫለሁ።"

እግሯን አየሁት። አንሶላ ላይ ነው። ደረቅ።

"ነርቭ ሲነቃ ይዘባርቃል" አለ ፍፁም።

"እኔ ብቻ መስሎኝ" አልኩት።

ማራኪ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ ገና መስማቴ ነው።

ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"እግሬ እየሄደ ነው እማማ።"

"ወዴት?"

"ቁልቁል... ድንጋይ አለው። እኔ አይደለሁም የምራመደው። እሱ ነው።"

ፍፁም ማሽኑን አጠፋው።

ጣቶቿ አልቆሙም።

"ውሃ ገባ" አለች። "ጉልበቴ ደረሰ..."

"ተመለሽ የኔ ልጅ። አዙሪው።"

"አይታዘዘኝም።"

ፍፁም መርፌው ላይ እጁን ሰደደ። እሷ የኔን እጅ ጨምቃ ያዘች።

"እንዳይነቅል። ከነቀለው እግሬ እዚያው ይቀራል።"

ውሃው ወገቧ ደረሰ። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። በዚያ ፀሐይ ከንፈሯ ጠቆረ።

"ልንቀል እማማ?" አለኝ ፍፁም።

ንቀል ብል እግሯ ሊቀር ነው። አትንቀል ብል...

"ደረቴ" አለች። "እማማ፣ ደረቴ ደረሰ።"

እኔው ነቀልኩት። ሁሉንም። እጄ ደም በደም ሆነ።

ጣቶቿ ቀጥ አሉ።

ማራኪ ትራሱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ሄደ" አለች። "ምንም አይሰማኝም። እንደ ድሮው ነው።"

ልሸፍናት ነጠላዬን አነሳሁ።

ውስጥ እግሯ ተሸብሽቧል... ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት እጅ እንደሚሆነው።

ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆዳዋ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። አንድ ቦታ። ቀጥሎ ከማዶ በኩል፣ አራት ቦታ። ጣት ሲጨብጥ እንደሚሰረጉደው።

ማንም አልነካትም።

ፍፁም ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ለምን ዝም አልሽ እማማ?" አለች ማራኪ፣ ፊቷ ትራሱ ውስጥ እንዳለ። "ምን አየሽ?"

"ምንም" አልኳት።

ቆዳዋ፣ የሚጎትተው እንዳለ ሁሉ፣ ወደ ታች መወጠር ጀመረ...