ደመና በሌለበት የተቀመጠው ጥላ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ፀሐይ መትታው ነው" ብዬ እስቅ ነበር።

ግን ሆኗል... ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤታችን ጣሪያ ላይ።

የአቧራ ነፋስ የመብራት ምሰሶዎቹን ጥሎ ነበር። ሐኪም ቤቱም ኦክስጅን ጨርሷል። እናቴ የምትተነፍሰው ቤት ባለ የኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው በሶላር። አቧራው ፀሐይዋን ጋርዷት ስለሰነበተ ባትሪያችን ተሟጧል።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጠራ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የሶላር ፓኔሎች ወለወልኩና "ተመስገን" አልኩ።

ብዙም አልቆየም... ማሽኑ ኃይል አነሰኝ ብሎ መጮህ ጀመረ።

ሶላሩን የገጠመልንን ባለሙያ ጠራሁት። ሰፈሩ "ደመና" ይለዋል፤ እሱ ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር ሰማዩ ይጨፈግጋል እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ቀን ግን አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።

አብረን ጣሪያው ላይ ወጣን። ፓኔሎቹ እጅ ያቃጥላሉ። መሃለኛውን ሲነካ እጁን ሰበሰበ።

"አቃጠለህ?"

"አይ... ቀዝቃዛ ነው።"

ያኔ አየነው። መስታወቱ ላይ ጥላ አለ... ጎበጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚመስል።

ቀና አልን። ከላይ ምንም የለም።

"አንዱ ከተጋረደ የሌሎቹንም ኃይል ይዞ ይወርዳል" አለ በሹክሹክታ። "ይሄን ከመስመሩ ላውጣው።"

አወጣው። ጩኸቱ ቆመ። እህቴ ከታች "ተነፈሰች!" አለች። በደስታ ላቅፈው ስል...

ጥላው ቀጣዩ ፓኔል ላይ ነው።

እሱንም አወጣው። ጥላው ተከተለ። በጨርቅ ፈተግኩት፤ የቀዘቀዘው ጣቴ ብቻ ነው።

"አንተ ደመና... እየው። እየተነፈሰ ነው።"

ጠርዙ ሰፋ... ጠበበ። ሰፋ... ጠበበ።

ደመና የቀጣዩን ፓኔል ሽቦ ነቀለ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ጥላው የመጨረሻው ፓኔል ላይ ወጣ።

"ወንድም ጋሼ!" እህቴ ጮኸች። "ማሽኑ ጠፋ! እማዬ..."

እየተንደረደርኩ ወረድኩ። ስደርስ አልቋል። እህቴ እማዬን ነጭ አንሶላ አልብሳ ወለሉ ላይ ተዘርጥጣለች። ላለቅስ ብል እንባም እምቢ አለኝ።

ከጣሪያው ላይ ደመና ተጣራ፦ "ጥላው ሄዷል! ፓኔሎቹን ሁሉ መልሻቸዋለሁ!"

ማሽኑ ተነሳ። ለማንም የማይሆን አየር መንፋት ጀመረ።

እህቴ እጄን ጨብጣ ወደ አልጋው ጠቆመችኝ።

አንሶላው ላይ፣ ልክ እናቴ ደረት ላይ፣ ጥላው ጎበጥ ብሎ ተቀምጧል።

ሰፋ... ጠበበ።

ሰፋ...