ለቤት ልብስ ኪስ የተመረጠች ሽጉጥ

የጥርስ ሐኪሟ ሬሳ የተገኘው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ተንሸራታ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ወድቃለች። ቀኝ ጆሮ ግንዷ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ቀኝ እጇ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሬቮልቨር ሽጉጥ ይዟል። ግራ እጇ የአንገት ሻርፕ ጨምድዶ እንደያዘ ቀርቷል። የለበሰችው ግራጫ የቤት ልብስ ነው፤ የቀኙ ኪስ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ደረጃው ጉልበቷን ፈትኖታል። ጡረታዋ ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ገብቶ መውጣት ከሰለቻት ግን ቆይቷል። ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ነው።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ሽጉጧ የራሷ ናት፤ ፈቃድ አላት። ቤተሰቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ፎቶ አንስተናል። እናጠቃልለው እንዴ?»

«ቀስ በል» አለችና በወንበሩ ተደግፋ ተንበረከከች።

መጀመሪያ ያየችው የሟችን ፊት ሳይሆን እጇን ነው። የአውራ ጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጧል፤ ሌሎቹም ጣቶች ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል። ቀጥላ አንገቷን አየች። ሊጠፋ የተቃረበ ቢጫማ ምልክት በሁለቱም በኩል አለ። ጓንት አድርጋ ሽጉጧን አነሳችና ጥይቶቹን አወጣች። አንዱ ብቻ ተተኩሷል። ባዶዋን ሽጉጥ ወደ ግድግዳው አዙራ ቃታዋን ሳበች። ቃታው ጠጣር ነው፤ ጣቷን አመማት። ሽጉጧ ከኋላ ወጣ ያለ መምቻ የላትም፤ መምቻው ከውስጥ ተሸፍኗል። ቀድሞ በአውራ ጣት ስቦ ቃታውን ማቅለል አይቻልም። መተኮስ የፈለገ ሰው ያንን ጠጣር ቃታ እስከ መጨረሻው መሳብ አለበት።

«ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«አራት ሰዎች። ባልየው በረንዳ ላይ፣ የባልየው ልጅ ክፍሉ ተኝቶ፣ እህቷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ ረዳት ሐኪሙ ታች ክሊኒኩ ውስጥ። ሁሉም ብቻቸውን ነበሩ። ተኩስ ሰምተው ተሯሯጡ፤ ባልየው ሬሳዋን አቅፈው ሲያለቅሱ ነው ያገኟቸው። ደሙ ሁሉም ልብስ ላይ አለ።»

ቤቱ ምድሩ የጥርስ ክሊኒክ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። መርማሪዋ ከባልየው ጀመረች። የቀድሞ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ በሐዘንም መካከል የሸሚዛቸው ኮሌታ አልተዛነፈም። በረንዳው ላይ ወንበር አቀረቡላት።

«ባለቤትዎ ሽጉጡን ለምን ገዙት?» አለቻቸው።

«መንገድ ላይ ቦርሳዋን ነጠቋት። ከዚያ ወዲህ ጥላዋን መፍራት ጀመረች። እኔ መሣሪያ አልወድም፤ ይቅርብሽ ብያት ነበር። እህቷን ይዛ ሄዳ ገዛች።»

«ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«አንገቷን ደፍታ ነበር የሰነበተችው።» መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ትናንት ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባዶዋን ሽጉጥ በአንድ እጇ ይዛ ቃታዋን ቀጭ ቀጭ ስታደርግ አገኘኋት። ‹ኧረ ተይ› ብላት ሳቀችብኝ። ያኔ መንጠቅ ነበረብኝ።»

«በየትኛው እጅ?»

«በቀኟ። በዓይኔ ላይ ነው ያለው።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ አነጋግረዋቸው ነበር?»

«የለም። ልረፍ ብላ ገባች፤ እኔም ጋዜጣዬን ይዤ እዚህ ወጣሁ።»

መርማሪዋ አመስግናቸው ወደ ልጁ ክፍል ሄደች። ልጅ ይባል እንጂ ጎልማሳ ነው፤ ከርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያ ትዳር የተወለደ። ሥራ የለውም፤ ክፍሉ መጠጥ መጠጥ ይሸታል።

«ከእንጀራ እናትህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንስማማም። ይኸው፣ እውነቱን ነገርኩዎት። ልብስህን አንሳ፣ ሥራ ፈልግ፣ ጠረንህን ታጠብ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሬን ትደበድባለች።»

«ምን ፈልጋ?»

«የመድኃኒቷን ጠርሙስ እንድከፍትላት። ክዳን አይታዘዝላትም። የልብሷንም ቁልፍ እኔ ነኝ የምቆልፈው። አባዬ ሳይነሳ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ የምተኛው ስንት ሰዓት ነው? እንቅልፌን ገደለችው!» ብሎ ድምፁን ከፍ ካደረገ በኋላ የተናገረውን ሰማ። ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ዛሬም ከፍቼላታለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ረዳት ሐኪሙን ያገኘችው ከታች፣ የታጠቡ የጥርስ መንቀያዎችን መልሶ ሲያጥብ ነው። ነጭ ጋውኑ ላይ ደም አለ፤ መቀየር ትዝ ያለው አይመስልም።

«ስንት ጊዜ ታጥባቸዋለህ?»

«እጄን ምን ላድርገው?» አላት። «እሳቸው ጥርስ መንቀል ካቆሙ ቆይተዋል። እሳቸው ይመረምራሉ፣ እኔ እነቅላለሁ። መንቀያ ሲጨብጡ እጃቸው ይከዳቸዋል። ታካሚ እንዳይገባው ‹ጉልበት ለወጣት ነው የሚሰጠው› እያሉ ያስቁበታል።»

«አንገታቸውስ?»

ሰውዬው የውሃውን ቧንቧ ዘጋ። «ሻርፕ ማድረግ ጀምረው ነበር። ጉንፋን ነው አሉኝ። አንድ ቀን ሲያጎነብሱ አየሁት። ጉንፋን የጣት ምልክት አያወጣም። ይሄ ሰካራም ልጅ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ጠየቅኋቸው፤ ‹ሥራህን ሥራ› አሉኝ። ሥራዬን ሠራሁ።»

እህትየው ጓሮ ነበረች። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ እግሯ ሥር አለ፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው ሁሉ የሟች ልብስ ነው።

«ይህን ሁሉ ዛሬ ማጠብ ለምን አስፈለገ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እትዬ መጭመቅ አትችልማ። አጥቤ ይዤላት ልሄድ ነበር።»

«ወዴት?»

«ወደ እኔ ቤት። ከእንግዲህ አብረን ልንኖር ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃት ‹ደከመኝ› አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልነዘነዝኳትም። ለጋሼ ዛሬ ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ትንገራቸው አትንገራቸው እንጃ።»

«ሽጉጡን ስትመርጡ አብረሽ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ከሱቁ ያስወጡን መስሎኝ ነበር፣ ስንቱን አስወረደችው!» እህትየው ሳፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «መጀመሪያ ሻጩ ባለ ካርታውን፣ በእጀታው በኩል ጥይት የሚጎርሰውን ሽጉጥ ሰጣት። እሱ በጉልበት ወደ ኋላ ካልሳቡት አይቀባበልም፤ አቃታት። ሁለተኛው እንደዚችኛዋ ሬቮልቨር ነው፤ ግን ከኋላው እንደ ምላስ የወጣ ነገር አለው፤ ስታወጣው ኪሷን ያዘባት። ሦስተኛዋን፣ ይቺን ለስላሳዋን፣ ስትሞክር ፈገግ አለች።»

«የምን ኪስ ነው የያዘባት?»

«የቤት ልብሷ። ያ ግራጫው። በፌስታል ይዛው ሄዳ ከልብሷ ላይ ደረበችው። ሻጩ ሳቅ አመለጠው።»

«ቃታውንስ ሳበችው?»

«በአንድ ጣት እምቢ አላት። ወደ ፊት ዘርግታ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሁለቱንም ጣቶቿን አስገብታ ነው የሳበችው። ሻጩ ‹እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎ አትሆንም› አላት። ‹ፊት ለፊቴ ለሚቆም ሰው ትበቃለች› አለችው።»

መርማሪዋ ገመዱ ላይ የሚንጠባጠበውን ልብስ ለጥቂት ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ባልየው ከሁሉም ፊት ባለ አንድ ሰው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እህትየውና ረዳት ሐኪሙ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ፖሊሱ በሩን ያዘ። መርማሪዋ ውሃ ለምና ጠጣች።

«ብዙ አላቆያችሁም፤ ደክሟችኋል፤ እኔም ደክሞኛል» አለች። «ነገሩ ያለው የሽጉጧ አመራረጥ ላይ ነው። የመንገድ ሌባ የሚፈራ ሰው ሽጉጥ ሲገዛ በምን ይለካዋል? በቦርሳው፣ በካፖርቱ፣ በወገቡ። ዶክተሯ ግን የቤት ልብስ በፌስታል ይዘው ሄዱ። የቤት ልብስ ለብሶ መንገድ የሚወጣ የለም። የሚፈሩት ሰው ያለው ከበሩ ውጭ ሳይሆን እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። አንገታቸው ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ረዳታቸውም አይቶታል።»

ባልየው ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ። ልጁ ፊቱ ቀላ።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። «ቀጥሎ ቃታው አለ። ዶክተሯ ይህን ቃታ መሳብ የሚችሉት በሁለት እጅ፣ በሁለት ጣት፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ብቻ ነው። የሞቱት ግን ሽጉጡ በአንድ እጃቸው፣ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ሆኖ ነው።»

«እንዴት ያውቃሉ?» አሉ ባልየው። «የጨነቀው ሰው ጉልበት አያጣም። በሁለት እጇም ይዛው ይሆናል።»

«ግራ እጃቸው ሻርፕ ጨብጧል። ሽጉጥ የያዘ እጅ ሻርፕ አይጨብጥም። ራሳቸውን አላጠፉም፤ ሌላ ሰው ተኩሶ ሽጉጡን ቀኝ እጃቸው ውስጥ አስገባ። ያ ሰው የእጃቸውን ነገር ቢያውቅ እንዲህ አያደርግም ነበር፤ አይመስልማ። እንግዲህ ማን ነው የማያውቀው?»

ወደ እህትየው አየች። «አንቺ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ አይተሻል። ልብሷንም የምትጨምቂላት አንቺ ነሽ።» ወደ ረዳት ሐኪሙ ዞረች። «አንተ በእሳቸው ፈንታ ትነቅላለህ።» ቀና ብላ ልጁን አየችው። «አንተ እየተሳደብክም ቢሆን በየጠዋቱ ጠርሙስ ትከፍታለህ። የእጃቸውን ድካም ሦስታችሁም ታውቃላችሁ።»

ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች።

«እርስዎ ግን፣ ጋሼ፣ ትናንት በአንድ እጃቸው ቃታውን ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉት አየሁ አሉኝ። ያ ነገር ሊሆን አይችልም። አላዩትም፤ ፈጥረው ነው የነገሩኝ። ይህን ሊፈጥር የሚችለው ደግሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ባልየው ኮሌታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። በመጨረሻ የተናገሩት ማንም ያልጠበቀውን ነው።

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«እንዳትነግርብኝ ብላ ለመነችኛ!» ልጁ ከግድግዳው ተላቀቀ። «‹እጄ መድከሙን ካወቀ መከላከያ የለኝም› አለችኝ። እኔ የሴት ወሬ መስሎኝ…» ተመልሶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልሄድ ነው አለችኝ» አሉ ባልየው ምንጣፉን እያዩ። ድምፃቸው ተማሪ የሚገሥጹበት ዓይነት ነበር፤ የሚገሠጸው ማን እንደሆነ ብቻ አይታወቅም። «ሻርፑን ፈታ ‹ይኸው ያንተ ነው› ብላ አንገቷን አሳየችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው አስተምሬ፣ ሚስቱ ጥላው ሄደች ልባል? ቁጭ በይ፣ እንነጋገር አልኳት። እጇን ወደ ኪሷ ስትሰድ ቀደምኳት። ኪሱ አብሮ ወጣ። ልትተኩስብኝ ነበር እኮ! ታዲያ እኔስ…»

«ሽጉጡን እርስዎ ከያዙት በኋላ በምን ትተኩስብዎታለች?» አለች መርማሪዋ።

ባልየው እንደገና ኮሌታቸውን ነኩ።

«አንተ!» አለች እህትየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከ«እርስዎ» ወርዳ አነጋግራቸው አታውቅም። «አንተ!» አለች እንደገና ወደ እሳቸው እየተራመደች። ረዳት ሐኪሙ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

ፖሊሱ ባልየውን ይዞ ወረደ። ልጁ አብሮ ሊወርድ ተነሳና በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ።

እህትየው መርማሪዋን ደረጃው ላይ ደረሰችባት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እትዬ ልተወው ብላ ነበር፤ ግዢያት፣ ትንሽ ብትሆንም ትጠብቅሻለች ብዬ ያስገዛኋት እኔ ነኝ። ባላስገዛትስ ኖሮ?»

መርማሪዋ በመደገፊያው ተደግፋ ቆመች። አታስቢ ልትላት ትችል ነበር፤ ለብዙ ሰው ብላዋለች።

«አላውቅም» አለቻት። «ከዚያ በፊት አንገቷን ሲያንቅ ሽጉጥ አልነበረውም። ግን ያኔ አልሞተችም። አላውቅም፣ እህቴ።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ባያጽናናትም የዋሻት ሰው አለመኖሩ የበቃት ይመስል ልብሱን ልታነሳ ወደ ጓሮ ሄደች።

ከታች፣ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ጉንጩ ያበጠ ሰው ፎጣ ታቅፎ ቆሟል። ፎቁ ላይ ስለሆነው የሰማው ነገር የለም። ረዳት ሐኪሙ ሰውዬውን አየና ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ላሰናብተው?»

«በጣም ያመዋል?»

«ዓይኑን ያዩታል እኮ። ሳይተኛ ነው ያደረው።»

«እንግዲያው ግባና ንቀልለት።»

ሰውዬው ወደ ውስጥ ገባ። ረዳት ሐኪሙ ደም የነካውን ጋውን አውልቆ ንጹሕ ለበሰና እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። መርማሪዋ ባልየውን የወሰደው መኪና ተመልሶ እስኪመጣላት ድረስ የታካሚዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰውዬው ሲያቃስት፣ ረዳት ሐኪሙም «አይዞህ፣ ደርሷል፣ ደርሷል» ሲለው ይሰማት ነበር።