የሳምንቱ ሐረግ

ቀይዋ መብራት በራች። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሚክሰር ማዞሪያ በቀስታ አዞረችና ለጓደኛዋ በጣቷ ምልክት ሰጠቻት።

«ሰላም፣ ይህ የሳምንቱ ሐረግ ነው» አለች ጓደኛዋ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብላ። «የዛሬው ሐረጋችን ‹አይ ዩዝድ ቱ› ነው። ድሮ እናደርገው የነበረውን፣ አሁን ግን የተውነውን ነገር የምንናገርበት።»

የመጀመሪያውን ምሳሌ በእንግሊዝኛ አነበበችና ትርጉሙን አስከተለች። «አንዲት ሴት ድሮ ባሏን ‹የት አመሸህ?› እያለች ትጠይቀው ነበር። አሁን ግን ‹ምነው በጊዜ መጣህ?› ነው የምትለው።»

ሳቁ ወዲያው አይመጣም። ድምፁ ግቢው መሀል ምሰሶ ላይ እስከተሰቀለው ማጉያ ሄዶ፣ ተማሪው ሰምቶ፣ ገብቶት፣ ከዚያ ነው ሳቁ በመስኮቱ በኩል ተመልሶ የሚገባው። ልጅቷ ያቺን መሀል ላይ ያለች ቅጽበት ትወዳታለች። ልቧ ቀጥ ትላለች። አሁንም ቀጥ አለች፤ ከዚያ ሳቁ እንደ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ጉንጯ እስኪሞቅ ድረስ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጓደኛዋን «ደወል» ይሏታል። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ማይክራፎን ባትይዝም ከግቢው ጫፍ ይሰማል። እሷን ደግሞ «ሹክሹክታ» ብለዋታል። መምህር ጠይቋት ስትመልስ ፊት የተቀመጡት እንኳን «ምን አለች?» እየተባባሉ ይዞራሉ። ስለዚህ በየሰኞው እረፍት ሰዓት ለሚያቀርቡት ፕሮግራም ሥራውን ተከፋፍለውታል፤ ሹክሹክታ ትጽፋለች፣ ሚክሰሩንም ትይዛለች፣ ደወል ታነባለች። ስቱዲዮው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍነውት የሚኒ ሚዲያ ክፍል ሆኗል።

ምሳሌዎቹ የሚመጡት ከእናቷ የፀጉር ቤት ነው። ከትምህርት መልስ የወደቀውን ፀጉር ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትሰማለች። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ምስጢሩን ሁሉ በጩኸት ነው የሚያወራው። ከሚሉት ግማሹ ደግሞ «ድሮ» ብሎ ይጀምራል። ድሮ ፀጉሬ ወገቤ ይደርስ ነበር፤ ድሮ ደረጃ ስወጣ አያለከልከኝም ነበር። መምህርቷ «ዩዝድ ቱ»ን ባስተማሩ ቀን ሹክሹክታ በደስታ መቀመጫዋ ላይ መርጋት አቅቷት ነበር። ይህን ሐረግ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች፤ እንግሊዝኛ መልበስ ብቻ ነበር የቀረው።

መብራቷ ጠፋች። ደወል ዘላ አቀፈቻት። ገና ሳይላቀቁ የእንግሊዝኛ መምህርቷ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ፊታቸው በርቷል። የከተማው ሬዲዮ ለታዳጊዎች አዲስ ፕሮግራም ሊጀምር ነው፤ የሳምንቱ ሐረግን የሚመስል። ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያነብ አንድ ተማሪ ይፈልጋሉ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ዓርብ መጥታ ልታይ ነው፤ ሐረጉንም እዚያው ትሰጣለች።

«ስላንቺ ነግሬያታለሁ» አሉ መምህርቷ የደወልን ትከሻ ይዘው። «ሁሉንም ራስሽ እንደምትጽፊው ስነግራት ማመን አቅቷት ነበር።»

ሹክሹክታ ደወልን አየቻት። ደወል የማይክራፎኑን ገመድ አየች።

መምህርቷ ወጡ። ሁለቱም ተከትለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

«የምጽፈው እኔ ነኝ አልሻቸው?» አለች ሹክሹክታ።

«አንቺ ነሽ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ፣ በቃ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም ነበር።» ደወል እጇን ያዘቻት። «አታካብጂ እንግዲህ። አንቺ እንደሆንሽ ማይክራፎን ስታዪ ጅብ የመጣብሽ ነው የምትመስዪው። ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ከሚወስደው እኔ ብይዘው አይሻልም?»

በጅቡ ነገር ሹክሹክታ ሳትወድ በግድ ሳቀች። እውነት ነበር። ደወል ይህን ጊዜ ዕቅዷን አወጣች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እንግዳዋና መምህርቷ ከሹክሹክታ ጀርባ ነው የሚቆሙት። ፊቷን አያዩም። ደወል ሲጨንቃት ቀና ትላለች፤ ሹክሹክታ ዓረፍተ ነገሩን በከንፈሯ ታሳያታለች። ሹክሹክታ እሺም እንቢም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ሰው ሁሉ እሺ እንዳለች ነው የሚቆጥረው።

ማታ ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ደጋግማ ስትጠርግ እናቷ አይታ ምን ሆንሽ አለቻት። አንዲት ጓደኛዋ የሰው ሥራ የኔ ነው ብላ ባለቤቱ ዝም እንዳለ፣ ስም ሳትጠራ ነገረቻት። እናቷ መልስ ሳትሰጥ ካስክ ውስጥ ሆነው ከንፈሯን ሲከታተሉ የነበሩ አንዲት ደንበኛ ቀደሟት።

«ተዪ ልጄ» ብለው ጮኹ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «ዝም አይነቅዝም።»

ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትየዋ ምን እንዳሳቀ አልገባቸውም። ሹክሹክታም ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ ስትጨርስ ግን በየምሽቱ የምትሰማቸው ሴቶች አንዳቸውም ዝም ብለው እንደማያውቁ አሰበች። ሲናገሩ የሚያምርባቸው ነገር አለ።

ዓርብ ደረሰ። አዘጋጇ ስኒከር ያደረገች ወጣት ናት፤ ካርቶኑን ግድግዳ እየነካካች «አሪፍ ነው፣ የኛም ከዚህ ብዙ አይሻልም» አለች። ሐረጉን ስትናገር ሹክሹክታ ቀና አለች። «አይም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ» ነበር፤ አንድን ነገር በጉጉት ስንጠብቅ የምንለው። ፀጉር ቤት ውስጥ የማይጠብቅ ማን አለ? ዓረፍተ ነገሮቹ ሳትጠራቸው እየተጋፉ መጡ።

ቀይዋ መብራት በራች። ደወል ሐረጉን አስተዋወቀች፣ አስረዳች፣ አላቅማማችም። ከዚያ ምሳሌ አንድ አለች። «ዓርብን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

«ዛሬ ምንድነው ታዲያ?» ብሎ አንዱ ከግቢው ጮኸ። ሳቅ ሆነ፤ ግን የተለመደው ዓይነት አልነበረም።

«ምሳሌ ሁለት። እረፍት ሰዓትን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

እረፍት ላይ ነበሩ። ሳቁ ባሰ። የደወል ጆሮ ቀላ። ቀና ብላ የሹክሹክታን ከንፈር መጠበቅ ጀመረች።

ሹክሹክታ አፏን ከፈተች። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ድምፅ ሳታወጣ ብትለው ደወል በዚያ በሚያምር ድምፅ ትለው ነበር፤ ግቢው ይስቅ ነበር፤ እሷም እዚሁ ተቀምጣ ትሰማው ነበር። ደወልን አልጠላቻትም። ንዴትም አልተሰማት። ያቺን የመሀል ቅጽበት፣ ልብ ቀጥ የምትልባትን፣ አንድ ጊዜ ከማይክራፎኑ ጀርባ ሆና ማየት አማራት እንጂ።

እጇን ዘርግታ ማይክራፎኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ምሳሌ ሦስት አለች። በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ትርጉሙን ቀጠለች። ከግቢው ምንም አልመጣም። ሳቅም፣ ፉጨትም የለም። ከዚያ ማዞሪያውን አየችው፤ በደወል ድምፅ ልክ እንደነበረ ነው። ሚክሰሩን በመያዝ የታወቀችው ልጅ የራሷን ድምፅ ማስተካከል ረስታለች። ማንም አልሰማትም። እጇ ደግሞ ማይክራፎኑን አልለቅም አለ።

ደወል አየቻት፣ ሚክሰሩን አየች። ጎንበስ ብላ አንዱን ማዞሪያ አዞረች፤ ማጉያው ሲጥ ብሎ ግቢውን ጆሮ አስያዘ። ደንግጣ መለሰችው። ሌላኛውን ሞከረች። የሹክሹክታ ትንፋሽ በግቢው ላይ ተሰማ።

«ምሳሌ ሦስት፣ እንደገና» አለች ሹክሹክታ። የራሷን ድምፅ ከውጭ ስትሰማው የሌላ ሰው መሰላት። «እናቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ደንበኞቿ ወሬ የሚጨርሱበትን ቀን በጉጉት ትጠብቃለች። ደንበኞቿ ደግሞ ነገን በጉጉት ይጠብቃሉ፤ ወሬው ስላላለቀ።»

ልቧ ቀጥ አለች። መስኮቱ ዝም አለ።

ከዚያ ሳቁ መጣ፤ አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ። አዘጋጇ ከኋላዋ ስትስቅ ሰማቻት። አራተኛውን ምሳሌ፣ አምስተኛውን ቀጠለች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ተወ። ወይም መንቀጥቀጡን ማዳመጥ ተወችው።

መብራቷ ስትጠፋ አዘጋጇ ሁለቱንም አፈራርቃ አየቻቸው። «ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትጽፈው ማንኛችሁ ናት?»

«ሁለታችንም» የሚለው ቃል ለሹክሹክታ ቅርብ ነበር። ሁልጊዜም ቅርብ ነው። አልወሰደችውም።

«እኔ ነኝ» አለች።

መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ደወል መለሱ። ደወል ሊሸሹ በሚፈልጉ ዓይኖች ወለሉን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች። «እሷ ናት ቲቸር። እኔ ሳነብ ነው የኖርኩት።»

መምህርቷ ለደወል በኋላ ቢሮ እንድትመጣ ብቻ ነገሯት። አዘጋጇ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ መምጣት ትችል እንደሆነ ሹክሹክታን ጠየቀቻት። እናቷን ታስፈቅዳለች። ትመጣለች።

ኮሪደሩ ላይ ደወል ወደኋላ ቀርታ ትራመድ ነበር። ደረጃው ጋ ሲደርሱ፣ በእርግጥ ማንበብ ብቻ እንደምትችል፣ እነሱ ቤት ሁሉም በየክፍሉ ስለሚገባ የሚጻፍ ወሬ እንደማይገኝ ተናገረች። ድምፅዋ እንደ ደወል አልነበረም።

ሹክሹክታ ነገሩ ገና እንዳላለቀላት ገብቷታል። ቂሙ እንዳለ ነው፤ አንድ ቀን ይበርዳል ወይም አይበርድም።

«ሰኞ እኔ ነኝ የማነበው» አለች።

ደወል ራሷን ነቀነቀች። ሦስት ደረጃ ወረዱ።

«ያ መጀመሪያ የነካሁት ማዞሪያ» አለች ደወል፣ «ሲጥ ያለው። ሥራው ምንድነው ግን?»

ዓመቱን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሹክሹክታ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመችና በጣቷ አየር ላይ ሚክሰሩን እየሣለች ከግራ ጀምራ ታስረዳት ጀመር።