የፍልሰታው እንጉዳይ

ሰኞ ማለዳ በእውቀቱ አሰላ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። እሁድ አብረውት ምሳ የበሉት ሦስት ሰዎች፣ ሚስቱ፣ ወንድሙና ጎረቤቱ፣ ሆዳቸውን ይዘው የራሳቸውን ሞት ይጠብቃሉ። ፍርሃት ጤነኛ ሆድም ይቆርጣል።

ምሳው የጎረቤቲቱ የሰኪና እንጉዳይ ወጥ ነበር። የሟች ወንድም፣ የጥድ ደን ጠባቂው ሀብተ ማርያም፣ ጣቱን ቀስሮባት ይጮኻል፤ ውጭ የቆመው ለቀስተኛም «መርዘኛ!» ማለት ጀምሯል።

ኢንስፔክተር ሮሐ በሩን ዘጋች። የሟችን ዐይን ገለጥ አድርጋ ስታይ ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«ወላሂ እኔም በልቻለሁ!» አለች ሰኪና። «ከብት ከሚውልበት ሜዳ የለቀምኩት ነው፤ ዘንድሮ ሁሉ ስንበላው ነበር። ሥጋችን አይገናኝም፤ ሀብተ ማርያም ነው ‹ጾሙ ሳይፈታ እንጉዳይ ሥሪልንና አብረን እንብላ› ያለኝ። ከአንድ ትሪ ነው የበላነው!»

ሮሐ ወደ ሟች ሚስት ወደ መቅደላዊት ዞረች።

«ከእሁድ በፊት አሞት ነበር?»

«ዓርብ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዋለ። ቅዳሜ ተሽሎት ተመስገን ብለን ነበር።»

«ሐሙስ ማታ የት በላ?»

«ወንድሙ ዘንድ። በአባታቸው ቤት ውርስ ፍርድ ቤት ተካሰው ነበር፤ ሊታረቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ሽሮ ነው የበላነው!» አለ ሀብተ ማርያም፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሮሐ ሦስቱንም መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«በእሁዱ ምሳ ማንም አይሞትም» አለች። «ከመርዘኛው እንጉዳይ፣ ከጅብ ጥላ ሁሉ ክፉው ከጥድ ሥር የሚበቅለው ነው። ጉበት ነው የሚበላው፤ ዐይንን እንዲህ ቢጫ የሚያደርገው በአንድ ሌሊት አይደለም። መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ከዚያ የተሻለ ያስመስላል፣ ኋላ ይገድላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሐሙስ መርዙን አበላው። እሁድ ደግሞ ሰኪናን ወጥ አሠራት፤ ጥፋቱ በእሷ እንዲላከክ።»

«ውሸት! ሽሮ ነው አልኩ!»

«ታዲያ የእርስዎ ዐይን ለምን ቢጫ ሆነ?»

የሀብተ ማርያም እጅ ወደ ፊቱ ሄደ። ቃሉ ሳያስበው አመለጠው።

«አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የበላሁት! ለእርቅ ብሎ በእጁ ሲያጎርሰኝ እንዴት እምቢ ልበል? ደግሞ አሁን ተሽሎኛል እኮ!»

«በእውቀቱም ተሽሎት ነበር» አለች መቅደላዊት።

ከሁሉ ቀድማ በሩን የከፈተችው ሰኪና ናት። እያለቀሰች ውጭ ሆኖ ሲሰድባት ወደነበረው ለቀስተኛ ጮኸች፤ «ባጃጅ ጥሩ! ሀብተ ማርያም ሆስፒታል ይድረስ!»