ጉጉቷን ማን አስወጣት?

ጭራሮ እግሯ ደንዝዟል፤ አፍንጫዋም የራሷ አልመስላት ብሏል። ቅጥነቷን አይተው ነው ጭራሮ ያሏት፣ ለብርድ ደግሞ ቅጥነት አያግዝም። ከጎኗ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ራዲዮን ግን የገደላት ብርዱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ይህን ስም ያወጣላት የክፍላቸው ተማሪ ነው፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም።

የተቀመጡት በሰሜኑ ጫካ ውስጥ፣ የጫካ ጠባቂዋ የጭራሮ አክስት በሠራችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። አክስቷ በበረዶ ላይ ሳንቃ እየጎተተች የሠራችው ተማሪዎች አውሬውን ሳይረብሹ በቀዳዳ እንዲያዩ ብላ ነው። ሕጓ አንድ ብቻ ነው፤ ትንፍሽ እንዳትሉ። ፊት ለፊት ባለው የደረቀ ጥድ ግንድ ላይ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ጉጉት እንቁላል ታቅፋለች። የባዮሎጂ መምህሩ ደግሞ ምርጥ ፎቶ የሚያመጡ ሁለት ተማሪዎችን ወደ መሀል ጫካ ወስዶ ድብ ሊያሳይ ቃል ገብቷል። ጭራሮ ድብ ለማየት ነፍሷን ትሰጣለች።

ጉጉቷ አልወጣ ስትል ራዲዮ ትዕግሥቷ አለቀ። ስልኳን አውጥታ የተቀዳ የሌላ ጉጉት ድምፅ ልትከፍት ስትል ጭራሮ «ተይ» አለቻት።

«ፋራ አትሁኚ፣ አንዴ ብቻ።»

ጭራሮ አልደገመችም። እውነቱን ለመናገር እሷም ፎቶውን ፈልጋለች።

ድምፁ ሲከፈት ጉጉቷ ሌላ ጉጉት ቤቷን ሊቀማ የመጣ መስሏት ተቆጥታ ወጣች። ቅርንጫፍ ላይ ቆማ አፈጠጠች፤ ጭራሮም ደጋግማ ፎቶ አነሳቻት። ከዚያ ጉጉቷ ጠላቷን ፍለጋ ራቅ ወዳለው ዛፍ በረረች። ወዲያው አንድ ቁራ መጥቶ ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፤ ሲያወጣው እንቁላል በአፉ ይዟል።

«ቁራ ድሮም ሌባ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» አለች ራዲዮ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ቤት ድረስ አልተነፈሰችም።

መምህሩ ፎቶውን ሲያይ አፉን ይዞ ቀረ። እንዴት እንዳነሱት ሲጠይቅ ራዲዮ ስለ ትዕግሥት ንግግር አደረገች፣ ክፍሉም አጨበጨበ። ጭራሮ ጫማዋን ስታይ ነበር። ጉዞው የእነሱ ሆነ፤ መምህሩም ሄደው ጠባቂዋን እንዲያመሰግኑ አዘዛቸው።

ሲደርሱ አክስቷ የጎጆውን ሚስማር እየነቀለች ነበር። አንዱ ሳንቃ መሬት ወድቋል። እዚያው አጠገብ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት አግኝታለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጆቼ» አለች ሳትዞር። «በጣም አስጠግቼ ሠራሁትና የሰው ኮቴ ጉጉቷን አስደነገጣት። የቀሩትንም እንቁላሎች ጥላ ሳትሄድ ላንሳው። ዕድሜዬን እዚህ ጫካ ፈጅቼ ይቺን አለማወቄ!»

እጇ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ጭራሮን አሳዘነቻት፤ በራሷም አፈረች። ራዲዮ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ «አፍሽን ዝጊ። ድቡን አስቢ» አለቻት በሹክሹክታ።

ጭራሮ ድቡን አሰበች። ደህና አድርጋ ነው ያሰበችው፣ ጥቁር አፍንጫውን ሳይቀር። አክስቷ ሌላ ሚስማር ነቅላ ኪሷ ከተተች።

«አክስቴ፣ ተይው» አለች ጭራሮ ቀረብ ብላ። «ጎጆው ምንም አላጠፋም።»

አክስቷ ዞረች። ራዲዮ ቀና ብላ ዛፍ ዛፉን ማየት ጀመረች።

«ጉጉቷ ወዳ አይደለም የወጣችው። በስልክ የጉጉት ድምፅ ከፍተን ጠርተናት ነው። ፎቶ ያነሳኋትም እኔ ነኝ።»

ጭራሮ የወደቀውን ሳንቃ አነሳችና ቦታው ላይ ገጥማ ያዘችው። አክስቷ ሚስማሩን ከኪሷ እስክታወጣ ድረስ ሳንቃውን እንደያዘች ጠበቀች።