ቸንክሬ የረሳሁት ነጥብ

አያልቅበት ሰኞ ዕለት «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም «እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ጨዋታ ስለማያልቅበት ወርክሾፑ በሙሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። እሱ በያጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር የማሽን ንድፍ እሠራለሁ።

ጊዜ የጠየቅኩት ሳልወደው ቀርቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። አባቴ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር፤ ማሽኑ ሦስት ጣቶቹን ሲወስድበት ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት የኖረችው እናቴ፣ «ልጄ፣ ማንንም አግቢ፤ ከብረት ጋር የሚውል ሰው ግን ይቅርብሽ» ትለኝ ነበር። ይህን ምክር ሰምቼ ሳበቃ ሄጄ ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ጅልነቴ ከዚህ ይጀምራል። ለአያልቅበትም ሁሉንም ነግሬዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ መጣና ጃኬቱን ወንበሬ ላይ ሰቀለ።

«ኢንጂነርዬ፣ ዛሬ ሐሙስ መሆኑን የነገረሽ ሰው አለ?»

«ሐሙስ ገና አላለቀም» አልኩት።

«በይ እሺ፣ እስከዚያ ያንቺን ጉድ ልጨርስ።»

ጉድ የሚለው እኔ የነደፍኩትን የካርቶን መጭመቂያ ነው። አንድ አጭርና አንድ ረጅም የብረት ክንድ የሚያነሡት ከባድ የብረት ክዳን አለው።

«ክዳኑ ሲከፈት በራሱ ይቆማል አይደል? ድጋፍ አላስገባለትም?»

«አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ላይ መቶ ጊዜ ከፍቼዋለሁ።»

«አንቺ ካልሽ አለቀ» ብሎ ወረደ።

ማሽን ከመሠራቱ በፊት እንቅስቃሴውን የማየው በተራ መስመሮች ነው። ለየመስመሩ ገደብ እሰጣለሁ፤ አንተ ርዝመትህ አይለወጥ፣ አንተ ከጓደኛህ ጫፍ አትላቀቅ፣ አንተ እዚሁ ተቸንከር እላቸዋለሁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በማውስ ይዤ ስጎትት፣ ሌሎቹ እንደ እውነተኛ ብረት ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ።

ለማሽኑ መመሪያ ሥዕል ላወጣ ንድፉን ከፈትኩ። በአጭሩ ክንድ ጫፍ ያለችውን ነጥብ ሳይ ክው አልኩ። ተቸንክራለች። መስመሮቹ እየዘለሉ ሲያስቸግሩኝ ለጊዜው ብዬ ቸንክሬያት፣ ሳልነቅላት ረስቻለሁ። በእውነተኛው ማሽን ግን እዚያ ያለው ፒን በረጅም ቀዳዳ ውስጥ የሚንሸራተት እንጂ ቆሞ የሚቀር አይደለም።

ገደቡን አነሣሁና ክዳኑን ወደ ላይ ጎተትኩት። መልሼ ትንሽ ነካ ሳደርገው ነጥቧ ተንሸራተተች፤ ክዳኑ እስከ ታች ወረደ። የሚይዘው ነገር አልነበረም።

ለአያልቅበት ደወልኩ። ስልኩ ወንበሬ ላይ ከተሰቀለው ጃኬቱ ውስጥ ጮኸ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ታች ግራይንደሩ ብረት እየሞረደ ያጓራል። አያልቅበት ማሽኑ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ይበይዳል፤ ክዳኑ ከራሱ በላይ ተከፍቷል። ልጠራው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ደንግጦ ቀና ቢል ክዳኑን በጭንቅላቱ ይመታዋል፤ ክዳኑን ለማውረድ ደግሞ አንድ ንክኪ ይበቃል።

ግድግዳው ሥር ወፍራም የብረት ቧንቧ ነበር። አንዱን ጫፍ በማሽኑ ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን ከክዳኑ ሥር አቆምኩት። የአባቴ እጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ቧንቧው መያዙን ሁለት ጊዜ ነቅንቄ አየሁና የአያልቅበትን ቀበቶ ቀስ ብዬ ሳብኩት።

ወጣ። የብየዳ ጭምብሉን ገልጦ ሳቀ።

«ምነው፣ ሐሙስ እስኪያልቅ መታገሥ አቃተሽ? ጫማሽንስ ማን በላው?»

«ወደ ኋላ ሁን» አልኩት።

ከጎን ቆሜ ቧንቧውን በእግሬ ገፋሁት። ክዳኑ ወረደ። ወለሉ ተናወጠ፤ ግራይንደሩ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

አያልቅበት ክዳኑን አየ። ዝም ሲል ያኔ ገና ማየቴ ነው።

«የኔ ጥፋት ነው» አልኩ ሁሉም እየሰማ። «አንዲት ነጥብ ቸንክሬ ረሳሁ። ድጋፍ አያስፈልግም ያልኩህ እኔ ነኝ። ልገልህ ነበር።» እንባዬ ቀደመኝ።

አያልቅበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጓንቱን ሊያወልቅ ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ተንበርክኬ አወለቅኩለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ አሥሩም ነበሩ።

«ፈራሁ» አለ በጣም ቀስ ብሎ። «እናትሽ እውነቷን ነው። ሰኞ የጠየቅኩሽን እርሺው።»

«አልረሳም። እስካሁን ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ነበር የምጠብቀው። አይለቀኝም። ትንሽ በዘገየህ ቁጥር ልቤ እንደተሰቀለ እኖራለሁ። ቢሆንም አገባሃለሁ።»

«እየፈራሽ?»

«እየፈራሁ።»

እጄን ያዘኝ። ማን ማንን እንደሚያንቀጠቅጥ አይለይም ነበር። መንቀጥቀጡ እስኪቆምልን ድረስ ከወለሉ አልተነሣንም።