የባ ኙንት ካምቢዮ

በፈረንጆቹ 1967 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ የማንዳሌይ ከተማ አሮጌ መኪናዎች የሚኖሩት ከሞቱት እየተበደሩ ነበር፤ ወታደራዊው መንግሥት የውጭ ዕቃ ካገደ ወዲህ አዲስ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷልና። ያን ረፋድ መካኒኩ ሳያ ቱን ዪን የተረከበውም ከተገለበጠ ታክሲ የወጣ ካምቢዮ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ለተሠራችው ለሩዝ ነጋዴው ለኡ ፔ ማውንግ አውቶሞቢል ሊገጥመው።

«ሾፌሩን አውርደኸዋል?» ሲል የብረት ሻጩን ኮ ህላ ቡን ጠየቀው። ሰው ከሞተበት መኪና የወጣ ዕቃ ሙዝና ኮኮናት ሳይቀርብለት፣ ሟቹም በስሙ ተጠርቶ «ደርሰሃል፤ ውረድ» ሳይባል፣ መፍቻ አያርፍበትም ነበር።

«እንዴታ! ስሙን ግን ማን ያውቅልኛል? ‹አንተ ሾፌር ውረድ› ብዬዋለሁ።»

«አገሩ ሁሉ ሾፌር አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያ አንዱ ወርዶ ይሆናላ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሳያ ቱን ዪን ዘይቱን አንጠፈጠፈ፤ የፊቱንም ዘንግ በእጁ አዞረ። የኋላው ዘንግ በተቃራኒው ዞረ፤ የኋላ ማርሽ ውስጥ ነበር። ሊያወጣው ታገለ፤ ወይ ፍንክች። ፀሐይ ላይ የዋለው ብረት እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዘቀዘው። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ የኋላ ማርሹ ጥርሶች ጫፋቸው ተሸራርፏል፤ መኪናው ወደፊት እየሮጠ ሳለ በኃይል የገባ ነበር። ቅባቱን ሲጠርግ ደግሞ አንድ አሮጌ ብየዳ ብቅ አለ። የራሱን እጅ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የበየደው ለታናሽ ወንድሙ ለባ ኙንት ታክሲ ነበር።

ባ ኙንት ከሦስት ዓመት በፊት በካሎ ተራራ መንገድ ከነተሳፋሪዎቹ ገደል ገብቶ ሞቷል፤ ፖሊስም «መሪው ላይ ተኝቶ ነው» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። መበለቱ ማ ንዬን «ተኝቶ ሰው ፈጀ» የሚለውን የሰው ምላስ ፈርታ ፓጎዳ ሄዳ መጸለይ ከተወች ቆይታለች። የምትኖረው እሱ ግቢ ነው፤ ጓሮ ነበረችና ጠራት።

«ኮኮ፣ ወንድም ጋሼ፣ የተኛ ሰው የኋላ ማርሽ ያስገባል?» አለች፣ ብየዳውንና ጥርሶቹን ካየች በኋላ።

«አያስገባም። ከፊቱ አንድ ነገር አይቶ ሊሸሽ ነበር።»

«ምን አየ?»

«እንጃ እህቴ። ወታደር ይሁን ሽፍታ፣ ብረት አይናገርም። ግን ማርሹ እንደተቆለፈ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አሳያቸዋለሁ፤ ስሙ ይጸዳል።»

ማ ንዬን ብረቱን ዳሰሰችው።

«እስኪያምኑህ ድረስ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ይፍጨርጨር? ሦስት ዓመት አይበቃውም?»

ለወንድሙ ስም የሳያ ቱን ዪን ዋነኛ ምስክር ይኸው የተቆለፈ ማርሽ ነበር፤ ሆኖም አልከለከላትም።

«ባ ኙንት፣» አለች ቀስ ብላ፤ «ቤት ደርሰሃል። ውረድ፣ የኔ ጌታ።»

ማርሹን ማንም ሳይነካው ካምቢዮው ውስጥ «ቋ» አለ። ማርሹ ወጣ፤ ዘንጉም ማንም ሳያዞረው አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ። ብረቱ ከእጇ ሥር ሞቀ፤ ማ ንዬንም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሳያ ቱን ዪን በማግስቱ ካምቢዮውን ተሸክሞ ጣቢያ ሄደ። ሹሙ የተሸራረፉትን ጥርሶች ከቁም ነገር ሳይቆጥር ዘንጉን አዙሮ «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ደህና ይዞራል!» ብሎ መለሰው። ካምቢዮው ተገጠመ፤ የኡ ፔ ማውንግ አውቶሞቢልም ለብዙ ዓመታት መነኩሴ የሚሆኑ ልጆችን በሰልፍ ወደ ገዳም አመላለሰች፤ ወደኋላ ግን ሰው ገፍቷት እንጂ በራሷ ሄዳ አታውቅም። ማ ንዬን ፓጎዳ መሄድ ጀመረች፤ የሚያሟት አልቀሩም፣ እሷ ግን ቀና ብላ ታልፋቸው ነበር። ያ ዘመን ብዙ ሰው በየመንገዱ አስቀርቷል፤ ስለ አብዛኞቹም የተጻፈው በጊዜው ለመጻፍ የቀለለው ነው። ባ ኙንትም በመንግሥት መዝገብ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው።